ኪል የሌላት የጣና ታንኳ

ኪል የሚባለው ከጀልባ ሆድ ሥር ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግቶ ወደ ውኃው የሚገባው ክፍል ሲሆን፣ ጀልባዋ በነፋስ ተገፍታ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል፤ ክብደት ሲኖረው ደግሞ ከመገልበጥ ይጠብቃታል። በተሽከርካሪ ተጎታች የሚጓጓዙ ትናንሽ የሸራ ጀልባዎች ባለቤቶች ይህን ክፍል ወደ ላይ የሚሰበሰብ አድርገው የሚያሻሽሉት፣ ቋሚው ኪል ጥልቀት በሌለው ዳርቻ መሬት ስለሚነካና ለመጫንም ስለሚያስቸግር ነው።

የጣና ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ቢሆንም፣ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ዳርቻውም በየቦታው ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነው። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩ የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች በሙያው የታወቁባት ታንኳ ለዚህ ውኃ የተበጀች ናት። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ እየተጠፈረ ይታሰራል፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ ሆዷ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። የሚያንሳፍፋት በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ስለሆነ ውኃ ቢገባባትም ወዲያው አትሰጥምም። በሸራ ስለማትሄድም የኪሉን ሥራ ቀዛፊው ራሱ ይሠራዋል፤ በቀርቀሃ መቅዘፊያው አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ እየቀዘፈ አቅጣጫዋን ያቀናል።

ደንገል ሸራ ተሸክሞ ውቅያኖስ መሻገር እንደሚችልም ታይቷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሣ፤ እርሷ ከመድረሻዋ በፊት ብትፈርስም በቀጣዩ ዓመት «ራ ሁለት» በ57 ቀናት ባርባዶስ ገባች። ነፋሱ በአመዛኙ ከኋላ ይገፋ ስለነበር ጥልቅ ኪል የግድ አላስፈለጋትም፤ ነፋስን በጎን እያቋረጠ መሄድ ለሚፈልግ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በታንኳ ላይ ኪል ለመጨመር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊያጤነው የሚገባው ማሰሪያውን ነው፤ ውኃው ኪሉን በጎን በገፋው ቁጥር ጉልበቱ በነዶዎቹ ላይ ስለሚያርፍ፣ ጠንካራ የእንጨት አጽም የሌላት ታንኳ ትላላለች። የታንኳ እውነተኛ ድክመት ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስባ በፀሐይ ካልደረቀች ቶሎ ትበሰብሳለች፤ ብትደርቅም ዕድሜዋ አጭር ነው። ቀላል በመሆኗ ግን ወደ ዳር ለማውጣት ተጎታች አያስፈልጋትም።

እ.ኤ.አ. በ1986 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ የኔዘርላንድስ ድርጅት ትብብር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ሲገቡ፣ በታንኳ ዳር ዳሩን ይካሄድ የነበረው ዓሣ ማስገር ወደ ሐይቁ መካከል ዘለቀ። ታንኳ ግን የሞተር ጀልባ ሊገባበት በማይችለው የደንገል ጥግ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ሊታሰብለት የሚገባው ራሱ ደንገሉ ነው፤ ዳርቻው ለእርሻ በተመነጠረ ቁጥር ታንኳ የሚጠፍሩት ሰዎች ጥሬ ዕቃቸውን ፍለጋ ይበልጥ እየራቁ ለመሄድ ይገደዳሉ።