«ቃል የሌለው ዘፈን ማን ይገዛሃል?»

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምትወዱትን ሙዚቃ ስትከፍቱ ፍቅረኛችሁ ጆሮዋን ብትይዝ፣ ጠልታችኋለች ማለት ነው? «ኧረ ምን አገናኘው!» እንዳትሉ። እዚሁ እኛው ሶዶ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ አንድ ሠርግ ሊፈርስ ጫፍ ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። (ደብዳቤ ስል በስልክ የተላከ ረጅም መልእክት ማለቴ ነው። ዛሬ ወረቀት ላይ ማን ይጽፋል!) ላኪው የ25 ዓመት ወጣት ነው። ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከሶዶ እስከ ቦዲቲና አረካ ድረስ እየዞረ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። እጮኛ አለው። ሦስት ዓመት አብረው ዕቁብ ጥለው ለሠርጋቸው 60,000 ብር አጠራቅመዋል። እንዲህ ይላል፦

«የኃይሉ መርጊያና የዋሊያስ ባንድን ‹ቼ በለው› የሚባል የድሮ አልበም ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ሙዚቃ አይገባኝም። ዘፋኝ የለበትም፣ ኦርጋኑ ግን ያናግረኛል። እኔም እንደዚያ ያለ ሥራ አዲስ አበባ ሄጄ ልቀዳ ወስኛለሁ። እሷ ግን ‹ቃል የሌለው ዘፈን ማን ይገዛሃል? ደሞ ብሩ የሁለታችን ነው› አለችኝ። አልበሙን ስከፍት ጆሮዋን ትይዛለች። ነፍሴን የማታውቅ ሴት እንዴት ሚስት ትሆነኛለች? ምን ትመክረኛለህ?»

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም እኔም ይህን አልበም ሰዎች ፊት «ወይ ጉድ፣ ይሄ ነው ሙዚቃ!» እያልኩ ሳሞግስ ቆይቼ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናም አልበሙን ስልኬ ላይ ጫንኩና የከተማውን ጆሮ ልጠይቅ ወጣሁ።

ለመሆኑ ሙዚቃው ምን ዓይነት ነው?

ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። «ቼ በለው» እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሸክላ ነው። «አሊ ታንጎ» በሚለው ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ ነው በካይፋ ሪከርድስ ያሳተመው። ዋሊያሶች ያኔ አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል የሚጫወቱ ባንድ ነበሩ። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖውን ግርማ በየነ፣ ሳክስፎኑንና ፍሉቱን ሞገስ ሀብቴ ይዘዋል። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አለበት። «ቼ» ፈረስ ሲጋልቡ የሚባለው ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የዚሁ አልበም ሥራማ ባሕር ተሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ዘ ዳክታሪስ የሚባል የኒውዮርክ ቡድን ጭምር ተጫውቶታል።

ዘመኑን አስቡት። 1977 የቀይ ሽብር ወቅት ነው። ሰዓት እላፊ አለ፣ ሳንሱር አለ። ግጥም ለሳንሱር ይቀርባል፤ ኦርጋን ግን የቱ መስመሩ ይሰረዛል?

ወጣቱ በደብዳቤው «ሳይኬደሊክ» የምትል ቃልም ጽፎልኛል። ይህ በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካና እንግሊዝ የተፈጠረ የሮክ ዓይነት ነው። ጊታሩ በእግር በሚረገጥ ፔዳል ውስጥ ያልፍና ወይ ይሻክራል፣ ወይ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ኦርጋኑ ይንሳፈፋል፣ ድምፁ ገደል ማሚቶ ይጨመርበታል፣ አንድ ሰው ብቻውን ረጅም ጊዜ ይጫወታል። ጂሚ ሄንድሪክስም ፒንክ ፍሎይድም የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የዚያ ዘመን የውጭ ድምፅ በሸክላ፣ በሰላም ጓድ ወጣቶችና አስመራ ቃኘው ከነበረው የአሜሪካኖች ጣቢያ ሬዲዮ በኩል እኛም አገር ገባ። የኛዎቹ እንዳለ አልገለበጡትም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ በምንላቸው ቅኝቶች ላይ አስቀመጡት። ፈረንጆቹ ዛሬ የሚያብዱለትም ለዚህ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2009 ሄሊዮሴንትሪክስ ከሚባሉ የለንደን ልጆች ጋር ሆኖ በዚያው በድሮው መንፈስ አዲስ አልበም እስከ ማውጣት ደርሷል።

«ቼ በለው» ሮክ ነው ወይ? ምዬ አልናገርም። ፈንክም አለበት፣ ጃዝም አለበት፣ የሆቴል ጭፈራም አለበት። ያ የሚንሳፈፍ ኦርጋን ግን ከዚያው ከሳይኬደሊኩ ዘመን ነው።

የሶዶ ጆሮ ምን ይላል?

መጀመሪያ የሄድኩት አራዳ ሰፈር ወዳለ ፀጉር ቤት ነው። ከፈትኩት። ፀጉር ቆራጩ ሁለት ደቂቃ ታገሠና፣ «ወንድሜ፣ ዜናው መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፀጉሩን የሚቆረጠው ልጅ ቀጠለ፦ «ይሄማ በምርቃና ነው የሚሰማ።» ሌላው ደግሞ፣ «ሮክ ከፈለግክ ጃኖ ባንድ አለልህ አይደል? ‹ኤርታሌ›ን ስማ፤ ጊታር ማለት እሱ ነው!» አለ። («ኤርታሌ» እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የጃኖ አልበም ነው።) በነገራችን ላይ ስለ ምርቃናው ራሴ ሞክሬዋለሁ፤ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ሰማሁት፣ ምንም አልጎደለብኝም።

ሁለተኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እሷ ትወደዋለች። «ሳጠና ነው የምሰማው። ዘፋኝ ካለበት ግጥሙን እከተልና ገጹ ይጠፋብኛል» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀችው ስጠይቃት ፈገግ አለች። «ፈረንጆች አደነቁት ሲባል ሰምቼ። እነሱ ባያነሡት ኖሮ እሰማው ነበር? እንጃ!» ይህን መልስ ወደድኩት። ስንቶቻችን ነን እንዲህ አፋችንን ሞልተን የምንናገር? እኔ እንኳ አልተናገርኩም።

ሦስተኛው የሠርግ ድምፃዊ ነው። ደብዳቤ ጸሐፊያችንን በሥራ ያውቀዋል። «አንድ ቀን ሠርግ ላይ ‹ሙዚቃዊ ስልት›ን ጀመረልህ። አንድ ሰው አልተነሣም! ሙሽራዋ ሳትቀር ዞር ብላ አየችን። ወዲያው ወደ ወላይትኛው ምት ሲቀይረው ድንኳኑ ሊነቀል ደረሰ። ዳሌ ያላነቃነቀ የለም» አለኝ። ትንሽ አሰበና ግን ጨመረ፦ «እውነት ለመናገር፣ ምሳ ላይ ሲጫወተው ሌላ ነው። ቁርጡና ዳጣው ቀርቦ ሰው ሲበላ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል። አንዱ አባት ‹ልጁ ይሸለም› ብለው 200 ብር ልከዋል።»

አራተኛው ሰው ሶዶ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር የወላይታ አውራጃ ከተማ በነበረችበት ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር የመቱ ጋሼ ናቸው። «ሳሮ» ብዬ ገባሁና ስልኩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ይሄን በሬዲዮ እሰማው ነበር፣ ስሙን ግን ዛሬ ከአንተ ሰማሁ» አሉኝ። «እኛ ስለ ምርትና ስለ ዘመቻ ነበር የምንዘምረው። ቃሉ ከላይ ይመጣል፣ እኛ እንጮሃለን። ልምምዱ አልቆ ሰው ሲበተን እኔና ከበሮ መቺው እንቀርና እንደዚህ ያለ ቃል የሌለው ነገር እንጫወት ነበር። የራሴ ጨዋታ የምለው እሱን ብቻ ነው።» ጊታሩስ የት ደረሰ ብላቸው፣ «ልጅ ተወለደ፣ ተሸጠ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅኩም።

ኪቦርድ በመኪና ዕቃ መጫኛ

እዚህ ላይ የባለ አልበሙን የራሱን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለጠያቂዬም የሚበጀው እሱ ነው።

ኃይሉ መርጊያ በልጅነቱ ወታደር ቤት ገብቶ ሙዚቃ የጀመረ፣ ከአኮርዲዮን ወደ ኦርጋን የተሻገረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሊያሶች ከማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካ ሄዱ። ገሚሶቹ ተመለሱ፤ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ ሁሉንም ብቻውን እየተጫወተ «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ኑሮ መጣ። ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ኪቦርዱን ግን አልሸጠውም። መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጠውና ወረፋ ሲጠብቅ አውጥቶ የኋላ መቀመጫ ላይ ይለማመዳል። ለማን? ለማንም!

ዓመታት አለፉ። ብራያን ሺምኮቪትስ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ሙዚቃ ቤት ውስጥ ያቺን የ1985 ካሴት አገኘ። ሰውየውን አፈላልጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቷን እንደገና አሳተማት። በ2014 ደግሞ «ቼ በለው» ተከተለ። ኃይሉ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት፣ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ፣ በዓለም ዙሪያም መድረክ ላይ ተጫወተ።

አሁን ወጣቱ «አየህ! ትክክል ነኝ» ሊለኝ ነው። ቆይ፣ አትቸኩል። ከካሴቷ እስከ ዳግም ኅትመቷ 28 ዓመት ነው። በነዚያ ዓመታት ቤቱን ያቆመው ታክሲው እንጂ ኦርጋኑ አልነበረም።

የልጅቷ ቃል

አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ነውር ነው። በእሱ ፈቃድ ልጅቷን አገኘኋት። ልብስ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። የኔን ዓላማ ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥሎ እንባ እንባ አላት።

«ሙዚቃውን ጠላች አለህ? እኔ የጠላሁት እሱ ሲከፈት የሚሆነውን ነው» አለችኝ። «የሥራ ውሎዬን ልነግረው ስጀምር ድምፁን ይጨምራል። ዓይኑ ክፍት ነው፣ እሱ ግን የለም። ጆሮዬን የምይዘው እንዲያየኝ ነው።»

ስለ ብሩ ጠየቅኳት። «ቅዳ አልኩት እኮ! ግን ሁሉንም አታጥፋ። ዕቁቡን የጣልነው ሁለታችን ነን፤ እኔ ስንት ወር ምሳ ሳልበላ ነው የጣልኩት። እሱ ግን ‹የኔ ሕልም› ብቻ ነው የሚለው። እኔም ሕልም አለኝ፣ ማን ጠይቆኝ!»

ከመነሣቴ በፊት ከአልበሙ ፍሉት ያለበትን ቦታ ከፈትኩላት። ዝም ብላ ሰማችው። «ይቺ ጥሩ ናት» አለች። «ገጠር አያቴ ከብት ይዞ ሲመለስ ዋሽንት ይነፋ ነበር። ገና ከሩቅ ስንሰማ ራት እናቀርባለን። ቃል አልነበረውም፣ ግን መጣሁ ማለቱ ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይሄ አለበት ብሎ ነግሮኝ አያውቅም» አለች።

እንግዲህ ምክሬ

ወንድሜ፣ ሚስት የምትመረጠው በሙዚቃ ፈተና አይደለም። በአራት ሰው ጆሮ ውስጥ ያው አልበም ዜና መጀመሪያ፣ የጥናት ጓደኛ፣ የምሳ ማጣፈጫና የተሸጠ ጊታር ሲሆን አይቻለሁ። አንዳቸውም አልዋሹም። እጮኛህ እንዳንተ ባትሰማው ነፍስህን አታውቅም ማለት አይደለም። አንተስ የሷን አዳመጥክ?

ስለዚህ፦ ኪቦርዱን እንዳትሸጥ፣ እንድትሸጥ የሚነግርህንም አትስማ። ባጃጁንም እንዳትተው። ከ60,000ው ብር ላይ ምን ያህሉ ለቀረጻ እንደሚሆን ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ቁረጡ፤ እሷ «እሺ» ያላለችውን አንድ ብር እንዳትነካ። ስድስት ሥራ ካልሆነ በሁለት ጀምር። ፈረንጅ መጥቶ እስኪያገኝህ አትጠብቅ፤ ምሳ ላይ ራሳቸውን የነቀነቁልህ አባቶች ይበቁሃል። ደግሞ ፍሉት ካለበት ቦታ ጀምረህ አብራችሁ ስሙት።

አንቺም እህቴ፣ ጆሮሽን አትያዢ። «ቀንሰውና ስማኝ» በይው። ጆሮ መያዝ ለሱ ስድብ ሆኖበታል፤ ያንቺ ግን ጥሪ ነበር።

መልሱን ልኬለት እስካሁን አልጻፈልኝም። ባለፈው እሁድ ግን መናኸሪያው አካባቢ ባጃጁ ባጠገቤ አለፈች። እሷ ከኋላ ተቀምጣ እጇን እያወናጨፈች የሆነ ነገር ታወራለች። ኦርጋኑ ይሰማል። ድምፁ ግን ዝቅ ብሏል።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!