ከአንጎል ጥግ የተቋጠረ ውሃ

ለራስ ምታት ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ኤምአርአይ የተነሣ ሰው፣ የውጤቱ ወረቀት ላይ «አራክኖይድ ሲስት» የሚል ቃል ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ወሬው ደግሞ ቤተሰብ ዘንድ የሚደርሰው «ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ተገኘበት» ሆኖ ነው። ዕጢ ግን አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይቀየርም። ስስ ከረጢት ውስጥ የተቋጠረ ንጹሕ ውሃ ነው።

አንጎልና ህብለሰረሰር በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልለዋል። የላይኛው ጠንካራ ነው፤ የታችኛው አንጎሉ ላይ ተለጥፎ ይኖራል። እንደ ሸረሪት ድር የሳሳው የመካከለኛው ሽፋን አራክኖይድ ይባላል። ከሥሩ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይዘዋወራል። በአዋቂ ሰው ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ሰውነት ግን በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ስለሚያመነጭ በየዕለቱ ሦስት ጊዜ ያህል ይታደሳል። ሲስቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ገና በጽንስነት ነው፤ ይህ ስስ ሽፋን ለሁለት ይሰነጠቅና መሀሉ ፈሳሽ ይይዛል። ከጭንቅላት ጉዳት፣ ከማጅራት ገትር ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጡም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው።

ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1831 በጽሑፍ የገለጸው በኩላሊት ጥናቱ ይበልጥ የሚታወቀው እንግሊዛዊ ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ነበር። ያኔ የሚገኘው ሬሳ ሲመረመር ነበር። ዛሬ ኤምአርአይ በየቦታው እያገኘው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ48 ሺህ በላይ አዋቂዎች የተነሡት ምስል ሲፈተሽ 1.4 ከመቶዎቹ ላይ ታይቷል፤ አብዛኞቹም አንዳች ሕመም አልነበራቸውም። ግማሽ ያህሉ ሲስት የሚቀመጠው ከጆሮ ግንድ በስተውስጥ ነው። ከቀኝ ይልቅ ግራ፣ ከሴት ይልቅ ወንድ ይበዛበታል።

በዚህ ጉዳይ ጠለቅ ብለው ከመረመሩት መካከል የኖርዌይዋ የበርገን ከተማ ሐኪሞች ይገኛሉ። በክኑት ቬስተር የሚመራው ቡድን ለሁለቱ ጆሮዎች በአንድ ጊዜ የተለያየ ድምፅ እያሰማ ሕመምተኞችን ፈተነ። ጆሮ አካባቢ ሲስት ያለባቸው የሰሙትን መለየት ይቸግራቸው ነበር፤ ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ተሻሻሉ። ፈሳሹንም ቀድተው ሲመረምሩት አንጎልን ከሚያጥበው ፈሳሽ ጋር አንድ አልሆነም፤ ፕሮቲኑ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከረጢቱ የሌላውን ውሃ ያቆረ ብቻ ሳይሆን ራሱም ሳያመነጭ አይቀርም ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር ከጎኑ የቆመው የዚያችው ከተማ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ቬስተርም ከአጋዦቹ አንዱ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ግን «ሲስት የተገኘበት ሁሉ ይቀደድ» ማለት አይደለም። እኔ ሚዛኔ የሚያደላው ምስሉን ሳይሆን ሰውየውን ማከም ይሻላል ወደሚሉት ነው። ምልክት የሌለው ሲስት ይጠበቃል፣ አልፎ አልፎም ይታያል። ሲስቱ የፈሳሹን መንገድ ከዘጋ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ የሕፃን ጭንቅላት ከመጠን በላይ ያድጋል፤ ትልቁን ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ ወይም የሚጥል ሕመም ይይዘዋል። ህብለሰረሰር ላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ጀርባ አካባቢ ተቀምጦ እግርን ያዝላል፣ ያደነዝዛል፣ ሽንት መቆጣጠርም ያስቸግራል። ያኔ ሐኪሙ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ከረጢቱን ይበሳና ፈሳሹ ወደ ተፈጥሮ መንገዱ እንዲገባ ያደርጋል። ወይም ከቆዳ ሥር ወደ ሆድ የሚወርድ ቱቦ ይተክላል። ቱቦው ሊደፈን ወይም ሊመረቅዝ ስለሚችል ብዙዎች መብሳቱን ያስቀድማሉ።

ጥሬ ሥጋ ወዳዱ አንባቢ «ከኮሶ ትል ጋር ይገናኛል?» ማለቱ አይቀርም። አይገናኝም። ከበሬ ሥጋ የሚገኘው ኮሶ አንጎል ውስጥ ከረጢት አይሠራም። ያን የሚያደርገው የአሳማው ዝርያ እንቁላል ነው፤ እርሱም ሌላ በሽታ ነው።

ይህ ቃል ወረቀትዎ ላይ ከተጻፈ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲ ጭምር ይዘው የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ያነጋግሩ፤ ሲዲውንም ለሚቀጥለው ማነጻጸሪያ ያስቀምጡት። ሲስት ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ በከረጢቱ ዙሪያ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ስለዚህ ከምቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስመለሰው ወይም ከደነዘዘ ቀጠሮ አይጠብቅ፤ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።