የኤሊዎቹ ሆስፒታል

ከፍሎሪዳ ጫፍ ተነስተው ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጉት ትንንሽ ደሴቶች በድልድይ የተያያዙ ናቸው። በመካከላቸው ማራቶን የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ አምቡላንስ፣ ራጅና የቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው የባሕር ኤሊዎች ሆስፒታል ይገኛል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። መሥራቹ ሪቺ ሞሬቲ ሐኪም አልነበረም፤ ቮልስዋገን ሲጠግን ኖሮ ሞቴል የገዛ ሰው ነው። የሞቴሉን ገቢ ለኤሊዎቹ አዋለው፣ ጎረቤቱ የነበረውንም የምሽት ክበብ ገዝቶ ማከሚያ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዊልማ የተባለው አውሎ ነፋስ ሞቴሉን ካጥለቀለቀው በኋላ የማረፊያ አገልግሎቱ ቀረ፤ ዛሬ ጎብኚ እየከፈለ ገብቶ ሕክምናውን ያያል።

መካኒክ ይህን ሥራ መጀመሩ እኔን ብዙም አይገርመኝም። የተሰነጠቀ ቅርፊት የሚጠገነው በማጣበቂያ፣ በብሎንና በሽቦ ነው፤ ግማሹ የጋራዥ ሥራ ይመስላል።

ቅርፊቱ ኤሊዋ እንደ ልብስ የደረበችው ነገር አይደለም። የጎድን አጥንቷና አከርካሪዋ ከእሱ ጋር አንድ ሆነው ተዋህደዋል፤ ሳንባዋም ከሥሩ ተለጥፎ ነው ያለው። ስለዚህ የጀልባ ሞተር መቅዘፊያ ጀርባዋን ሲሰነጥቀው አንዳንዴ ሳንባዋን ይበሳል፣ አንዳንዴ አከርካሪዋን ይነካና የኋላ እግሮቿን ሽባ ያደርጋል። ስትመጣ ራጅ ትነሳለች፣ ደሟ ይመረመራል፣ ፈሳሽና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሰጣታል። ቁስሉ ታጥቦ የሞተው ሥጋ ይነሳል። ከዚያ በብዙ የኤሊ ማከሚያዎች ቁስሉ ላይ የሚደረገው፣ አያቶቻችን ቢያዩ ፈገግ የሚያሰኛቸው፣ ማር ነው። ኤሊ ደመ ቀዝቃዛ ስለሆነች ቁስሏ ቶሎ አይሽርም፤ የቅርፊት ስብራት ወራት፣ ሲብስም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ከጀልባ ግጭት የሚተርፍ አንድ ክፉ ጣጣ አለ፦ አየር ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ እዚያው ይቀራል። የኤሊዋ ኋላ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጭንቅላቷ ያዘቀዝቃል፣ መጥለቅም ያቅታታል። መጥለቅ ያልቻለች ኤሊ ምግቧን አታገኝም፤ ፀሐይ ጀርባዋን ይልጠዋል፣ ሌላ ጀልባም በቀላሉ ይደርስባታል። መፍትሔው ሚዛኗን የሚያስተካክል ክብደት ቅርፊቷ ላይ ማጣበቅ ነው። ሆኖም የቅርፊቱ የላይኛው ሽፋን እያደር ስለሚላጥ ክብደቱም አብሮ ይወድቃል፤ ባሕር ውስጥ ደግሞ መልሶ የሚያጣብቅላት የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለችው ኤሊ ዕድሜዋን በሰው እጅ ትኖራለች።

ሌላው ትልቅ ሥራ ዕጢ ማውጣት ነው። አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎችን በብዛት የሚያጠቃ፣ ከሄርፒስ ወገን የሆነ ቫይረስ የተያያዘበት በሽታ አለ፤ አበባ ጎመን የመሰለ ዕጢ በአንገት፣ በብብትና በዓይን ላይ ያበቅላል። ዓይኗ ላይ የወጣባት ኤሊ ምግቧን ማየት ተስኗት በረሃብ ትከሳለች። ሐኪሞቹ በማደንዘዣ አስተኝተው ዕጢውን በሌዘር ይቆርጣሉ፤ ሌዘሩ እየቆረጠ ደሙንም ያቆማል። ዕጢው ሊመለስ ስለሚችል ኤሊዋ ከሌሎቹ በተለየ ገንዳ ለረጅም ጊዜ ትጠበቃለች። ሳንባዋ ወይም ኩላሊቷ ላይ ከተገኘ ግን ያለ ሥቃይ እንድትሞት ማድረግ ነው የሚቀረው።

ሰዎች በቅንነት የሚሠሩት ጥፋትም አለ፤ ዳር ላይ የወጣች ደካማ ኤሊ ሲያዩ ገፍተው ወደ ውሃው ይመልሷታል። ኤሊ የምትተነፍሰው በሳንባ ነው። ጉልበት አጥታ የወጣችው ስትመለስ ልትሰምጥ ትችላለች። ጥላ አበጅቶ፣ ሰውና ውሻ አርቆ፣ ፈቃድ ላለው አካል መደወል ይበቃል። አፏ ውስጥ ውሃ ማንጠባጠብም ወደ ሳንባዋ ሊገባ ስለሚችል አይደረግም።

ለመለቀቅ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፦ ቁስሉ መዳን፣ እንደ ልብ ጠልቆ መውጣት፣ ምግብን ራስ ፈልጎ መብላት። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ተጠምጥሞበት አንድ የፊት መቅዘፊያ እግሯ የተቆረጠባት ኤሊ እንኳ በሦስቱ መዋኘት ከቻለች ትሄዳለች። ከመሄዷ በፊት ከቆዳዋ ሥር ቁጥር ያለው ማይክሮቺፕ ይገባል፣ መቅዘፊያዋ ላይም የብረት ምልክት ይታሰራል፤ አንድ ቀን ሌላ ቦታ ብትገኝ ማን እንደሆነች ይታወቃል። የምትለቀቀው በተቻለ መጠን በተገኘችበት አካባቢ ነው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው የጠፉባቸውና ክብደት የተለጠፈባቸው ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ በቀድሞው ሞቴል የጨው ውሃ ገንዳ ይኖራሉ፣ ሌሎቹ ፈቃድ ወዳላቸው አኳሪየሞች ይላካሉ።