የአያትዎ ኩክ ማውጫ ዕድሜው ስንት ነው?

አንባቢ ሆይ! ደባርቅ ወይም ዳባት፣ አለዚያም በስሜን ግርጌ ካሉት መንደሮች ባንዱ ተወልደው እንደሆነ፣ አያትዎ በማተባቸው ላይ ከመስቀሉ ጎን ያንጠለጥሉት የነበረውን የብር ማንኪያ መሰል ነገር ሳያስታውሱ አይቀሩም። የጆሮ ኩክ ማውጫ ነው። ምናልባት እርስዎንም ጭናቸው ላይ አስተኝተው ጆሮዎን ጠርገውበት ይሆናል። ዛሬ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ የሚወጣ እንግዳ ያየው እንደሆነ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ሻጩም «የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ዕቃ ነው» ይለዋል። እውነት ይሆን?

አስቀድመው ማዕድኑን ይመርምሩ። በእጅዎ ሲይዙት እንደ ላባ የቀለለ እንደሆነ አሉሚንየም ነው። አሉሚንየም ረክሶ በየአገሩ የተዳረሰው እ.ኤ.አ. በ1886 አዲሱ የማውጫ ዘዴ ከተገኘ ወዲህ ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ነውና፣ የሻጩ ወሬ እዚሁ ላይ አለቀ። ብር ከውሃ ዐሥር እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ አሉሚንየም ግን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም።

ብር ከሆነስ? ያን ጊዜ ነገሩ ይጠብቃል። የድሮ አንጥረኞች ብዙውን ጊዜ የሚያቀልጡት የማርያ ትሬዛን ብር ነበር፤ ይህም ከምጽዋ ተነሥቶ በሊማሊሞ ወደ ጎንደር በሚወጣው የነጋዴ መንገድ በበቅሎ ሲመጣ የኖረ ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞቱ፤ ገንዘባቸው ግን ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደ ያዘ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ይታተም ነበር፤ ለምሳሌ ጣልያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ማተሚያውን ወስዳ ሮማ ላይ አትማለች። እንግዲህ ከማተቡ ጋር የተሰካ ብር «1780» ስላለ ብቻ ሁለት መቶ ዓመት አለፈው ብለው አይፎክሩ።

ቀጥሎ የሚመሰክረው ማለቁ ነው። ማተቡ የሚያልፍበትን ቀለበት በደንብ ይዩት። ክር ለብዙ ዓመት ሲስበው የኖረ ቀዳዳ ክብነቱ ይጠፋና ወደ ላይ ይረዝማል፤ የማንኪያው ከንፈርም ይሳሳል፤ ጣት የሚይዘው ቦታ ላይ ያለው ቅርጽ ይደበዝዛል። ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ ዕቃ ግን እጅ በማይደርስበት ስርጓዳ ውስጥ ሳይቀር እኩል ተፍቆና ጠቁሮ ይገኛል። እባክዎ፣ ለማሳመር ብለው በአመድ አይፈትጉት! ምስክሩን ያጠፉታል።

ወረንጦስ? እሾህ መንቀያው ብረት ስለሆነ ዝገቱ ብዙ አይናገርም። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ሠሪውን ማወቅ ነው። በወገራና በስሜን ብረት ከሚቀጠቅጡት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ እነሱም በአብዛኛው ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል። ስለዚህ አባትዎ «ይህን እዚሁ መንደር የነበረ ቤተ እስራኤል ቀጥቅጦ ሰጠኝ» ካሉ፣ ወረንጦው ከዚያ ዘመን ወዲህ እንዳልተሠራ ያውቃሉ። ከቤተ ሙከራ ይልቅ አንዲት ቃል ትበልጣለች።

የዋግምት ቀንድ ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። ጫፉ የተበሳ የከብት ቀንድ ትናንትም ሆነ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ዓይነት ነው፤ አጋሚው በምላጭ የበጣውን ቦታ በቀንዱ መጥጦ፣ ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል። በቀዳዳው ዙሪያ የቀረ ሰም ካለ አይላጡት፤ በእርግጥ ለሥራ የዋለ መሆኑን የሚያስረዳው እሱ ነው።

ዕቃው በእርግጥ ጥንታዊ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል መሆኑን ገዢውም ሻጩም ይወቁት።

አያትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው። «ስንት ዓመቱ ነው?» አይበሉ፤ ማንም እንዲህ አይቈጥርም። «ሲዳሩ ነበረዎት? እናትዎስ ያገኙት ከጣልያን በፊት ነው ወይስ በኋላ? አንጥረኛው የየት ሰው ነበር?» ይበሉ። መልሱን ከነስማቸው በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከማተቡ ጋር ይሰሩት።