የባክቴርያ መርዝ ተለክቶ ለከብት መድኅን ስለ መሆኑ

ብዙ ጊዜ ከብትን የሚገድለው ባክቴርያ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ራሱ ሳይሆን የሚያመነጨው መርዝ ነው። ይህን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓመት በፓሪስ የገለጹት ኤሚል ሩና አሌክሳንደር የርሲን ናቸው፤ ዘጊ አናዳ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ ተሐዋሲ ያደገበትን ፈሳሽ በሸክላ ማጥለያ ቢያጠልሉት፥ ሕያው ተሐዋሲ ያልቀረበት ፈሳሽ እንስሳትን ገደለ።

የጀርመኑ ሊቅ ፓውል ኤርሊኽ ደግሞ በ1897 ዓመት መርዙንና ማርከሻውን የሚለካበትን ሥርዓት አቆመ። መርዝ በሚዛን ብቻ አይለካም፤ ኃይሉ የሚታወቀው በሥራው ነውና፥ 250 ግራም የሚመዝነውን የሙከራ እንስሳ በ4 ቀን ውስጥ የሚገድለው ትንሹ መጠን መለኪያ ሆነ።

በ1923 ዓመት የፈረንሳዩ የእንስሳት ሐኪም ጋስቶን ራሞን መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አከመው፤ መግደሉ ቀረ፥ ሰውነትን ለመከላከል የማንቃት ኃይሉ ግን አልጠፋም። ፈረስንና በቅሎን ከመንጋጋ ቆልፍ የሚያድነው ክትባት የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

የአባ ጎርባ ተሐዋሲ በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ወደ ወይፈንና ጊደር በገባ ጊዜ መርዙ የጡንቻን ሥጋ ያበሰብሳል። የዚህም ክትባት በፎርማሊን ተዘጋጅቶ በቢሾፍቱ ይሠራል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንትና ባለከብቶች ይህን ልብ ይበሉ፤ በቤተ ሙከራ በጥንቃቄ የተለካው ኃይል በመንገድ ላይ በፀሐይ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ክትባቱ በቀዝቃዛ ሣጥን ይጓዝ፤ በረዶም አይሁን፤ ከብቱም ሳይታመም አስቀድሞ ይከተብ።