ሚዛንና ቃል

ቦክስ በሚባለው የቡጢ ግጥሚያ፥ ሁለቱ ተጋጣሚዎች በተዋዋሉት ክብደት ልክ መሆናቸው በዋዜማው በሚዛን ይታያል። ይህም ሥርዓት የቆመው ከባዱ ቀላሉን እንዳይጐዳው ነው።

በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በላስ ቬጋስ ከተማ ዲዬጎ ኮራሌስ የሜክሲኮውን ሆሴ ሉዊስ ካስቲዮን በ10ኛው ዙር ድል አደረገው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳግመኛ ሊጋጠሙ ሲሉ ግን የውሉ ልክ 135 ፓውንድ ሆኖ ሳለ፥ ካስቲዮ 3 ፓውንድ ተኩል ያህል በልጦ ተገኘ። ኮራሌስም ማዕረጉ ለውድድር ሳይቀርብ ለመጋጠም ፈቀደ፤ በ4ኛውም ዙር ተመትቶ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ካስቲዮ እንደ ገና 4 ፓውንድ ተኩል ያህል በለጠ፤ ያን ጊዜ ግጥሚያው ቀረ።

ልኩን የጠበቀው ሰው እምቢ ቢል የብዙ ወራት ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል፤ እሺ ቢልም አካሉን ለአደጋ ይሰጣል። እንግዲህ የአንዱ ጥፋት በሌላው ላይ ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

ሰውነትን አለልክ ማድረቅም ጤናን የሚጐዳ መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን የማይችሉትን ልክ አስቀድሞ አለመዋዋል ይገባል። ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ለልጆቻችን ከማሸነፍ አስቀድመን ቃል መጠበቅን እናስተምር።