«ቁም ደረቅ»፦ ደርቆ ለቆመ ዛፍ የቀረበ ስያሜ

ስለ ደን አጠባበቅ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን ከሚያስቸግሩት ፅንሰ ሐሳቦች አንዱ፣ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ ሳይወድቅ የሚቆየው ዛፍ ነው። እንግሊዝኛ ይህን «ስናግ» ይለዋል። አማርኛ ተናጋሪው ነገሩን ዘወትር ያየዋል፤ ነገር ግን በሙያው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ወጥ ስያሜ አልጸናለትም። ይህ ጽሑፍ ጉድለቱ የሚያስከትለውን ችግር ካመለከተ በኋላ አንድ ስያሜ ለውይይት ያቀርባል።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። አንድ ጥድ ወይም ኮሶ ደርቆ ሲቆም በውስጡ ሌላ ሕይወት ይጀምራል። ሻጋታና ልዩ ልዩ የእንጨት በስባሾች እንጨቱን ያለሰልሱታል፤ ነፍሳት ቅርፊቱን ፈልፍለው ይገቡበታል፤ ግንደ ቆርቁር ትል ፍለጋ ይቦረቡረዋል፤ ጎጆውንም በዚያው ያበጃል። እርሱ ለቆ የሄደውን ቀዳዳ፣ ራሳቸው መቦርቦር የማይችሉ ሌሎች አእዋፍ ይወርሱታል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኘው የሐበሻ ግንደ ቆርቁር፣ እንዲሁም በዛፍ ቀዳዳ የምትፈለፍለው ጥቁር ክንፍ ትንሽ በቀቀን፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ዛፍ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። የሌሊት ወፍና የዱር ንብም ባዶ ሆድ ያለውን ግንድ መጠጊያ ያደርጉታል። ስለሆነም ዛፉ ለራሱ ቢሞትም ለደኑ አልሞተም።

ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በላይኛው ወገኑ ከእንጦጦ ተዳፋት ጋር ይያያዛል። በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክልል ላይ ያረፈ ነው። ተዳፋቱን ለብዙ ዘመን የሸፈነው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በለጋነቱ እየተቈረጠ ከጉቶው ስለሚያቈጠቍጥ አርጅቶ ለመድረቅ ዕድሜ አያገኝም። በመሆኑም ደርቆ የቆመ አሮጌ ጥድ ወይም ወይራ በተገኘ ጊዜ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በሌላ በኩል፣ ከዚሁ ተዳፋት ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ለእነርሱ ደረቅ እንጨት የዕለት እንጀራ ነው።

እንግዲህ አንድ የደን መመሪያ «ደረቅ እንጨት መልቀም ይፈቀዳል» ብሎ ቢደነግግ፣ የተፈቀደው የወደቀው ጭራሮ ነው ወይስ የቆመው ግንድ ጭምር? «ደረቅ ዛፍን መቍረጥ ክልክል ነው» ቢልስ፣ መሬት ላይ የወደቀውን ቅርንጫፍ የሰበሰበችው ሴት ጥፋተኛ ትባላለች? በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቍጥር 3፣ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ቢገኝ የአማርኛው እንደሚጸና ደንግጓል። ስለዚህ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ የአማርኛው ቃል ጥላ አይደለም፤ ራሱ ሕግ ነው። የስያሜ መደባለቅ ወፉንም ሴቲቱንም ይጎዳል።

በእጃችን ያሉትን ቃላት እንመርምር። «ጉቶ» ዛፉ ከተቈረጠ በኋላ ከመሬት ላይ የሚቀረው ነው፤ የመቈረጥን ትርጕም ስለያዘ አይሆንም። «ግንድ» በሕይወት ያለውንም የደረቀውንም ይጨምራል። «የሞተ ዛፍ» የሚለው ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተወሰደ ነው፤ በአማርኛ ሰውና እንስሳ ይሞታሉ እንጂ ዛፍ «ደረቀ» ነው የሚባለው። «በቁሙ የሞተ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ለሰው ስለሚነገር ነቀፋ ያዘለ ነው።

የሌሎችን ልማድ ማየትም ይጠቅማል። ፈረንሳይኛ ጫፉ ተሰብሮ የቆመውን ደረቅ ግንድ «ሻንዴል»፣ ማለትም ሻማ፣ ይለዋል፤ መነሻው መልኩ ነው። ጀርመንኛ የቆመውንም የወደቀውንም በአንድነት «ቶትሆልዝ»፣ የሞተ እንጨት፣ ይላል። የእንግሊዝኛው «ስናግ» በወንዝ ውስጥ ተሰንቅሮ ጀልባ የሚያሰናክል ግንድንና፣ ከዚያም በመነሣት ያልታሰበ እንቅፋትን ጭምር ያመለክታል። ቃሉን እንዳለ ብንዋስ ይህን ሁሉ ሸክም እንወርሳለን።

በመሆኑም «ቁም ደረቅ» የሚለው ስያሜ ቀርቧል። አሠራሩ «ቁም ሳጥን» እና «ቁም ጽሕፈት» ከሚሉት ጋር ይስማማል። «የቁም ከብት» ሲባል ቁም ሕይወት ያለውን ስለሚያመለክት ይጋጫል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም በዚያም ቢሆን ፍሬ ነገሩ ያልታረደ፣ ያልተጣለ ማለት ነው። «ደረቅ» ቅጽል ሆኖ ሳለ እንደ ስም መግባቱም አዲስ አይደለም፤ «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» የሚለው ተረት ምስክር ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄዱት ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ቁም ደረቅ፦ ደርቆ ሳይወድቅ የቆመ ዛፍ።
2. ወዳቂ ግንድ፦ ደርቆ ወይም ተነቅሎ መሬት ላይ የተጋደመ።
3. ባለጎሬ ዛፍ፦ እርጥብም ሆነ ደረቅ፣ እንስሳ የሚያድርበት ቀዳዳ ያለው።
4. ጭራሮ፦ ለማገዶ የሚለቀም ቀጭን ደረቅ እንጨት፤ በነባር ትርጕሙ ይጸናል።

በእነዚህ ቃላት መመሪያው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ጭራሮ መልቀም ይፈቀዳል፤ በመንገድና በመኖሪያ ቤት ላይ ሊወድቅ ከሚያሰጋው በቀር ቁም ደረቅ አይነካም።» ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ሆኖም ለማገዶ ለቃሚዋም ለግንደ ቆርቁሩም ድርሻቸውን ለይቶ ይሰጣል። በተረቱ ደረቅ የእሳት ምክንያት ሆኖ ተወቅሷል፤ በደን መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን ማደሪያነቱም ሊጻፍለት ይገባል።